ደከመኝ፣ ሰለቸኝ

በአገራችን የምስጋና ወረቀት ላይ የማትጠፋ ሐረግ አለች፤ «ደከመኝ፣ ሰለቸኝ ሳይሉ»። ጡረታ የሚወጣው ሐኪም፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚዛወረው ኃላፊ፣ በሰኔ መጨረሻ የሚሸለመው መምህር፣ ሁሉም የሚመሰገነው በእርሷ ነው። ለእኔም አንድ ዓመት ደርሳኛለች፤ ማኅተም አርፎባት፣ በፕላስቲክ ተለብጣ። ተጨብጭቦልኝ ወደ ወንበሬ ስመለስ አንገቴን የደፋሁት ግን በትሕትና አልነበረም። በዚያ ዓመት ደክሞኝ ነበር። ሰልችቶኝም ነበር። ሁለቱንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። የማስተምረው ውርጌሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ኋላ ደግሞ ከዜና አወቃት፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ሲገፋ ውርጌሳና መርሳ የግንባር ስም ሆነው ሰነበቱ።

ድካሜ የጀመረበትን ቀን ልነግራችሁ አልችልም፤ እየተደራረበ የመጣ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ ሲከፈቱ ያለፈውን እያካካሱ የአዲሱን ዓመት ማስተማር መጣ። ያ ሳይጠናቀቅ ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ። ከፊላችን ወደ ደሴ ተሰደድን፣ ከፊላችን እዚሁ ቀረ። ታኅሣሥ 2014 ተመልሰን ያገኘነው ሰሌዳው የተነቀለ፣ ዴስኩ ለማገዶ የዋለ ክፍል ነው። ቅዳሜ ማካካሻ ተጨመረ፤ ቆይቶ እሑድ ከሰዓት ተከተለ። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠና ውጤቱ ሲነገር፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የቀጣዩ ዙር ፈተና ውጤት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኖ መጣ።

ይህን የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም። እኔ ካየሁት የባሰ ያየ ጎረቤት አለኝ። የምለው፣ ከአንዱ ሳናገግም ወደ ሌላው ስንገባ ማንም ቆም ብሎ «አሁን እንዴት ናችሁ?» ያለን አልነበረም ነው። እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

የሠራ ሰው ይደክመዋል፣ ያደረ ሰው ይነሣል። የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን አውቀዋለሁ። የኔው ግን በማደር የሚለቅ አልነበረም። ማታ የወደቅሁት ጠዋት ያንኑ ሆኜ እነሣለሁ። ክፍል ስገባ ደግሞ ሌላ ሰው ሆንኩ። ድርሰት አዝዝና ደብተሩን ሳላነብ ራይት እያደረግሁ እመልሳለሁ። የተማሪዎቼን ስም መያዝ ተውኩ፤ «አንተ፣ ጥግ ላይ ያለኸው» ማለት ቀለለኝ። እገሌ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ዓረብ አገር ተነሣ ሲሉኝ፣ ቀድሞ ቤቱ ድረስ ሄጄ ወላጆቹን የምለምን ሰውዬ፣ «እንዲያውም ቆይቷል» ማለት ጀመርኩ።

አንዲት ተማሪ በድርሰቷ መጨረሻ ላይ በአማርኛ «ቲቸር፣ ይህን ካነበቡት ይንገሩኝ» ብላ ጽፋ ነበር። ያየሁት ከወራት በኋላ ደብተሯን ለሌላ ጉዳይ ስገልጥ ነው። ከሥሩ፣ ደማቅ ቀይ፣ የእኔው ራይት አለ።

ሕመም ነው አላልኩም፤ ስንፍና ነው አልኩ። ራሴን ገሠጽኩ፣ ቡና ጨመርኩ፣ ጠዋት ቀድሜ መነሣት ሞከርኩ። ለባልደረባ አንድ ቃል ብተነፍስ መልሱ «አብሽር» ነው። ወሎ ያደገ ሰው አብሽር ምን ያህል ደግ ቃል እንደሆነች ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ትገባለች፣ የታመመ ራስጌ ትቀመጣለች። ነገር ግን ወሬውን እዚያው ትዘጋዋለች። አብሽር የተባለ ሰው «እሺ» ብሎ ከመነሣት ሌላ ምን ይላል? ደግሞም በመምህር ዓለም ከ«ደክሞኛል» እስከ «ደካማ» ያለው መንገድ አጭር ነው። ደካማ ተማሪ፣ ደካማ መምህር፣ ደካማ አፈጻጸም እያሉ ሪፖርት የሚጽፉበት ቃል ስለሆነ፣ ማንም በገዛ አፉ ወደዚያ መጠጋት አይፈልግም።

ነገሩን የከፈተችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። የሐብሩ ወጣት፣ የራያም፣ የወልድያም፣ በጅቡቲ አድርጎ በየመን ወደ ሳዑዲ መውጣቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የእኛ አካባቢ ልጆች በብዛት ነበሩበት፤ ጥቂት ቆይቶ ብዙዎቹ መልሰው ሄዱ። ይህች ልጅም ሄዳ፣ በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። አሁን ከእናቷ ጋር አውራ ጎዳናው ዳር ጀበና ቡና ታፈላለች።

አንድ ቀን ቡና አቅርባልኝ ስታበቃ፣ «ቲቸር፣ በርንአውት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ቤይሩት ያለች ጓደኛዋ «በርንአውት ሆኛለሁ» ብላ ጽፋላታለች።

«በጣም መድከም ነው» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

«እሱማ ኤግዞስትድ ነው፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

እውነቷን ነው። ታየርድ ማለት መድከም፣ ኤግዞስትድ ማለት አቅም እስኪጠፋ መድከም፤ ኤግዞስትድ ራሱ ጫፍ የደረሰ ቃል ስለሆነ «ቬሪ» አይጨመርበትም፣ «አብሶሉትሊ» ይጨመርበታል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። በርንአውትን ግን ሰምቼው እንደሆን እንጂ አላወቅሁትም። «ላጣራልሽ» ብዬ ተነሣሁ። መምህር የማያውቀውን ሲጠየቅ የሚላት ቃል ናት፤ ብዙ ጊዜ ሳይጣራ ይቀራል። ይኼን ግን ማጣራት አማረኝ። ለምን እንዳማረኝ ያኔ አልገባኝም።

ኢንተርኔት እንደልብ ያልነበረበት ጊዜ ነውና ንባቡን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመዴ በፍላሽ አመጣልኝ። ቃሉ ቀድሞ ይነገር ከነበረባቸው ቦታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሽታው የሚወስደውን አካል ወስዶ ራሱ ሲከስም፣ ሐኪሞች በሽተኛውን ተቃጥሎ ያለቀ እንደማለት «በርንት አውት ኬዝ» ይሉት ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ ኮንጎ ውስጥ ባለ የሥጋ ደዌ መንደር ላይ የጻፈው ልቦለድ ርዕሱን ያገኘው ከዚህ ነው። በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የሚነሣው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እዚሁ ደሴ አጠገብ ስለሆነ ይህን ሳነብ ቃሉ ያን ያህል ባዳ አልመሰለኝም።

ወደ ሥራ ዓለም ያመጣው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን አምልጦ ኒው ዮርክ የገባ ሰው ነው። ቀን የግል ሥራውን ይሠራል፤ ማታ በሱስ የተጎዱ ወጣቶች በነጻ በሚታከሙበት ክሊኒክ ያገለግላል። እዚያ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች፣ እርሱ ራሱ ጭምር፣ ከጊዜ በኋላ ኃይላቸው ሲሟጠጥ፣ የሚያገለግሏቸውን ሰዎች ማየት ሲያስጠላቸው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ያንን ጻፈው። ልብ በሉ፣ እንዲህ የሆኑት ሰነፎቹ አይደሉም፤ ማንም ሳያስገድዳቸው የመጡት ናቸው። ክርስቲና ማስላክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ነገሩን ዓመታት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረባዋ ጋር መለኪያ አዘጋጀችለት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው አስገባው፤ ግን በሽታ አላለውም። በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየ፣ መላ ያልተበጀለት ጫና የሚያመጣው ሁኔታ ነው ይላል፤ ምልክቱም ሦስት ነው። ኃይል መሟጠጥ፤ ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን በንቀት ወይም በምሬት ማየት፤ «እኔ የምሠራው ምንም አያመጣም» የሚል ስሜት።

ሦስቱን ሳነብ የምስጋና ወረቀታችን ታወሰኝ። ደከመኝ፣ አንድ። ሰለቸኝ፣ ሁለት። እኛ ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ሐረግ አስረን ይዘናቸዋል፤ የያዝናቸው ግን እንዳይነገሩ ነው። «ሳይሉ» ብለን እናመሰግናለን። ምስጋናው ላለመድከም አይደለም፤ ደክሞ ዝም ለማለት ነው። ሦስተኛውን ምልክት ደግሞ የእኛ አገር መምህር በጥር ወር በቴሌቪዥን ሰምቶታል። 3.3 በመቶ።

ነገሩን በአማርኛ ቃል በቃል መተርጎም አልተሳካልኝም። «ተቃጠልኩ» ብትሉ ሰው የሚጠይቃችሁ ማን እንዳናደዳችሁ ነው። ስለዚህ በስታፍ ውስጥ ስናወራ በርንአውት እያልን ቀረን። ባዳ ቃል አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም በእርሱ ተገሥጾ አያውቅም። «ደክሞኛል» ለማለት የሚያፍር መምህር «በርንአውት ሆኛለሁ መሰለኝ» ብሎ በሳቅ ይጀምርና ሳቁ ሳያልቅ ቁም ነገሩን ያወራል። ጥቅሙ ግን እዚህ ድረስ ነው። ዋናው ነገር ስሙ ሳይሆን ስሙ የሚያስከትለው ጥያቄ ነው። ስንፍና ካልነው የምንመረምረው ሰውየውን ነው፤ በርንአውት ካልነው ሥራውን ለመመርመር እንገደዳለን።

ማስላክና ማይክል ሊተር የተባለው ባልደረባዋ ሥራውን የሚመረምሩበት ስድስት በር አላቸው። የሥራው ብዛት፣ በራስ ሥራ ላይ የመወሰን ነጻነት፣ ለሠሩት ዋጋ ማግኘት፣ ከባልደረባ ጋር ያለ አብሮነት፣ ፍትሕ፣ እና የሚያምኑበትን መሥራት። ስድስቱን ይዤ የራሴን ሥራ መረመርኩ። የሥራው ብዛት ግልጽ ነው፤ ክፍሉ ሙሉ፣ ደብተሩ ቁልል፣ ቅዳሜና እሑድ የለም። ግን ከብዛቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላው ሆኖ አገኘሁት። የመወሰን ነጻነትን ውሰዱ። ልጆቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክለው መጻፍ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ይዘት መሸፈን ስላለብኝ ግን ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ነኝ። ባልሸፍን ሪፖርቱ «ደካማ» ይለኛል፤ ብሸፍን የሸፈንኩት ለሪፖርቱ ነው። ይህ ስድስተኛውንም በር ይነካል፤ የማላምንበትን እየሠራሁ ነበር። በቀን መጨረሻ የሚያደቀው ይሄ ነው። አንድን ሥራ አምኖበት አሥር ሰዓት የሠራና ሳያምንበት አራት ሰዓት የሠራ፣ ማታ ማን የበለጠ እንደሚዝል የሠራ ያውቀዋል።

ዋጋ ስንል ብዙ ሰው ደመወዝ ብቻ ይመስለዋል። ደመወዙም አለ፤ ኑሮው ወዴት እንደሄደ፣ እርሱ የት እንደቀረ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ነገር ግን በእኛ አካባቢ የመምህር ትልቁ ዋጋ ልጁ ሲደርስለት ማየት ነው። የእኛ ልጆች በሚደርሱበት ዕድሜ ይሄዳሉ። ኅዳር ላይ ማሽላ ለማጨድና ወፍ ለመጠበቅ ይቀራሉ፤ ያ በጥር ይመለሳል። ደላላ የወሰደው አይመለስም። አስተምረህ፣ አስተምረህ ፍሬውን ሳታይ ስትቀር ልብህ እንዳይሰበር ቀድሞ መራቅ ይጀምራል። «እንዲያውም ቆይቷል» ያልኩት ለዚያ ነበር። ጨክኜ አልነበረም፤ ድጋሚ ማዘን ስላልቻልኩ ነው።

የደረስኩበትን ይዤ ወደ ቡናው ቤት ተመለስኩ። ለልጅቱ ሦስቱን ምልክት አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «የእኔን ግን አይመስልም» አለችኝ። በሰው ቤት ስትሠራ የሚነጋው ከሱብሒ በፊት ነው፤ የሚመሸው የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ። የዕረፍት ቀን አልነበራትም፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው። «እኔ ሥራው አልሰለቸኝም ቲቸር፤ አልተኛሁም» አለች። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በሳምንት ቢያንስ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። እርሷ የተነፈገችው ይህ ነው። የእርሷ ስሙ በርንአውት አይደለም፤ የጉልበት ብዝበዛ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉን እየተጠነቀቅሁ መጠቀም ጀመርኩ። ያዋርዳል ብዬ ሳይሆን ይሸፍናል ብዬ ነው። በስታፋችን ውስጥ ከጦርነቱ ስደት ከተመለሰ በኋላ ሌሊት የማይተኛ፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ከወንበሩ የሚዘል ሰው ነበር። ቃሉን ስላመጣሁት እርሱንም «በርንአውት ነው» ማለት ቀለለን። አልነበረም። ያ ጦርነት የተወው ቁስል ነው፤ ሥራ ስለቀነሰ አይሽርም። ሐዘንም እንዲሁ ነው፤ ሰው የቀበረ ሰው ሥራ አልሰለቸውም፣ ሰው ናፍቆት ነው። ድባቴም ሌላ ነው፤ በርንአውት ከሥራው ጋር የተያያዘ ሲሆን ድባቴ ግን ሰርግ ቤትም፣ ልጅ ሲስቅም አብሮ ይገባል። ሥጋም የራሱ አለው፤ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ የታይሮይድ ችግር ሁሉም በድካም ሊናገሩ ይችላሉ። እኛ አገር ደግሞ ጭንቀት ራሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰውነት በኩል ነው፤ ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን ይላል ሰው። ስለዚህ ድካም ከሳምንታት በላይ የቆየበት ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ እላለሁ። የአእምሮ ጤና ሲባል አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መውረድ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ያ ባልደረባችን ደሴ ታክሟል፤ ዛሬ ክፍል ይገባል።

የነገሩን ሌላ ጎን ያሳየችኝ እናቴ ናት። ቤት ሄጄ ስለ በርንአውት ሳስረዳት እህል እየለቀመች ሰምታኝ፣ «ደመወዝ ላለው ሰው ድካሙም ስም ወጣለት?» አለችኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ቆየት ብላ ግን፣ «የእናንተ ሥራ ማረፊያ የለውም እንዴ ልጄ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የምጸት አልነበረም። የገበሬ ሥራ ከመምህር ሥራ ይከብዳል፤ ግን ማረፊያው ውስጡ ነው። ጁምዓ አለ፣ ሰንበት አለ፣ በወሩ ውስጥ ሞፈር የማይነካባቸው በዓላት አሉ። አባቴ ፀሐይ ሳትበረታ በሬዎቹን ይፈታ ነበር። በሬው እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ ገና መሳብ ሲችል ይፈታዋል፣ ነገ እንዲስብለት። የከበደ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይገባበትም። ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ጅጌ አለ፤ ጠሪው ያበላል፣ መንደሩ ያጭዳል። ለአጨዳ እርዳታ የጠራ ገበሬ «ደካማ» ተብሎ አያውቅም። እኛ የተማርነው ልጆቹ ነን መቶ ደብተር ተሸክመን ብቻችንን ቤታችን የምንገባው።

ከእናቴ ቤት የተመለስኩት በዚህ ሐሳብ ነው። በዲፓርትመንታችን ደብተር በወንፈል ማረም ጀመርን። አንድ ከሰዓት ሁላችን ተቀምጠን የአንዱን ክፍል ድርሰት እናርማለን፤ በሌላው ሳምንት የሌላውን። አንዱ ዓረፍተ ነገሩን ያያል፣ አንዱ ሐሳቡን፤ የሚያስቅ ሲገኝ ጮክ ብሎ ይነበባል፤ ቡና ይፈላል። ሁሉንም ድርሰት በየሳምንቱ ማረም ትተን ግማሹን በአንድ ሳምንት፣ ግማሹን በሌላው አደረግን። የእሑድ ማካካሻ እንዳይቀር ቢወሰንም በፈረቃ እንዲሆን ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ምዕራፍ መሸፈኑን መተው አልቻልንም፤ ግን በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ልጆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክለው እንዲጽፉ አደረግን። ያቺ ጥቂት ደቂቃ የማምንባት ናት፤ የቀረውን የምትሸከምልኝ እርሷ ናት።

ተአምር አልሆነም። ደመወዙ ያው ነው፣ የክፍሉ ብዛት ያው ነው፣ መንገዱ አሁንም አንዳንዴ ይዘጋል። ከስድስቱ በሮች በመምህር እጅ የሚከፈቱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት ቁልፋቸው ከእኛ በላይ ካሉት ዘንድ ነው፤ ይህን መደበቅ ሰውን እንደገና መውቀስ ይሆናል። የተለወጠው ግን አለ። ደብተር እያነበብኩ ነው። ያችን «ካነበቡት ይንገሩኝ» ያለችኝን ልጅ ቀጣዩ ክፍል ከገባች በኋላ አግኝቼ፣ «አነበብኩት» አልኳት። «አሁን?» ብላ ሳቀችብኝ። የሳቀችው ልክ ነው። ድርሰቷ ስለ ወንድሟ መሄድ ነበር፤ ተቀምጠን አወራን።

ዛሬ ባልደረባ «ደክሞኛል» ሲለኝ አብሽር ማለቴን አልተውኩም፤ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከአፌ አትጠፋም። ከእርሷ ቀጥሎ ግን ጥቂት ነገር እጠይቃለሁ። መቼ ጀመረህ? ስታርፍ ይለቅሃል? የሚያደክምህ ሥራው ነው፣ ሐዘን ነው ወይስ ሰውነትህ? ሐዘን ከሆነ አብሬው እቀመጣለሁ፤ ሰውነቱ ከሆነ ወደ ሐኪም እሸኘዋለሁ። ሥራው ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ በዚህ ሳምንት ከሥራህ የትኛውን ልውሰድልህ? እርሷን ሳልጠይቅ የቀረሁ ቀን የቀደሙት ጥያቄዎቼ ወግ ብቻ ናቸው፤ ሰውየውም ደብተሩን ተሸክሞ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል።